ለሚሚ ዓይን፣ ከጎባ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ከአቃቂ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ የሚባል አልሠራሁም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የልጅ ልጄን ዓይን ነው። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን» ይልና ወንበር ይስባል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እኔም እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ የስፌት መኪናዬ አቧራ ጠጣ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ጎባ ተቀምጣችሁ አቃቂን ለማታዩት ሁሉ መንገዱንም፣ ቤቱንም፣ ሰዉንም እንዳየሁት አስቀምጬዋለሁ። ከእንግዲህ ሱሪያችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሰላማዊት የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባሏ ብሩክ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ እኔ መጋረጃ ልሰቅል ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ወድቄ፣ እግሬ በጀሶ ታስሮ ነበር። እናቷ እያለሁ ልጄን ያረሷት አማቷ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ይሄ ራሱ አንጀቴን ሲያቃጥለኝ ከረመ። ጀሶው ተፈትቶ ልነሳ ስዘጋጅ ሰላማዊት ደወለች። ልጅቷን ለክትባት ስትወስዳት ነርሷ በባትሪ ዓይኗን አይታ ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር አገኘች። የዓይን ሐኪም ጋ ሲሄዱ ደግሞ አብሯት የተወለደ የዓይን ሞራ ነው፣ ቶሎ ካልተሠራላት ማየት ሳትለምድ ትቀራለች ተባለ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኳት።

«እማዬ፣ የብሩክ እናት ክርስትና ሳትነሳ ቢላ አይነካትም አሉ። ብሩክ ደግሞ እናቱን ቀና ብሎ አያይም። ደሞ…» አለችና ዝም አለች።

«ደሞ ምን?»

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም አሉ።»

በእኛ ዘር የለም! ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ሐኪሞቹ ያን ያህል አይጠበቅም ብለዋል፤ ሴትዮዋ ግን ዘር ይቆጥራሉ። የኔ አባት በስተርጅና ዓይናቸው ፈዞ ነበር። እኔም መርፌ ውስጥ ክር ለመክተት መነጽር አደርጋለሁ። ስለዚህ ጣቱ ወደኛ ነው የተቀሰረው ማለት ነው። ስልኩን ዘግቼ በዚያው ሻንጣዬን አወረድኩ። የተነሳሁት ሁለት ነገር አስቤ ነው፤ አንደኛ ልጅቷ ዓይኗ እንዲሠራላት፣ ሁለተኛ ለእትዬ በላይነሽ ልክ ልካቸውን ለመንገር። የቱ እንደበለጠብኝ ያን ቀን ብትጠይቁኝ፣ እንጃ።

ሰኞ

የጎባን ብርድ ታውቁታላችሁ። ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ የያዝኩት ቅቤ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ባልዲውን ብትመቱበት ሰው ይፈነክታል። ለልጄ ገንፎ የሚሆን፣ ከዲንሾ ከታመነች ሴት የገዛሁት ንጹሕ ቅቤ ነው። ከራስ በላይ ካለው እቃ መጫኛ ላይ አስቀመጥኩትና ጸሎቴን አድርሼ ተቀመጥኩ።

ዲንሾ ላይ ኒያላዎቹ መንገድ ዳር ቆመው እንደ ትራፊክ ፖሊስ አዩን። ዶዶላን፣ በቆጂን አለፍን። አሰላ ምሳ በላን፤ ሽሮዋ ጥሩ ነበረች፣ እንጀራው ግን ከኛ ይቀጥናል። ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥዬ ነጠላዬን። ስለ ቅቤው ማን ያስባል! የባሌ ሰው ቅቤ እንደሚቀልጥ ይረሳል፤ እኛ ጋ የሚቀልጠው ምድጃ ላይ ብቻ ነው።

አዳማ ልንገባ ስንል ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ እጁን ወደ ራሱ ላከ። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለም፣ የተወለወለ ብርጭቆ ነው። መዳፉን አየው፣ አሸተተው፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ቀና ሲል ሁለተኛው ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈ።

«በስመአብ! የኔ ነው!» ብዬ ተነሳሁ። «ወንድሜ፣ በማርያም ይቅር በለኝ!»

«የባሌ ቅቤ ነው?» አለኝ፣ ሳይቆጣ።

«የዲንሾ።»

«እሱማ ሽታው ይናገራል» አለና በሁለት እጁ መላጣውን አሸት አሸት አደረገው። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ራሴን የቀባኝ ሰው አልነበረም።» አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር መካኒክ ነው። ባልዲውን እግሩ መሀል አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ጠበቀልኝ።

ከክፍያ መንገዱ ወጥተን ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ እሱም አብሮኝ ወረደ። «በዚህ እግርዎ ብቻዎን አይችሉትም» ብሎ ባልዲውን ተሸከመ። እኔ የሚመሳሰል ነገር የስንዴ ማሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም አላየሁም ነበር ማለት ነው! ሕንፃው ሁሉ አንድ፣ በረንዳው አንድ፣ የተሰጣው ብርድ ልብስ ሳይቀር አንድ። ልጄ በስልክ እየመራችን አራተኛ ፎቅ ወጣን። በየደረጃው ቢጫ ጄሪካን ተሰልፏል። እኛ ቧንቧ ከፍተን ረስተነው ጎረቤት ነው የሚዘጋልን፤ እዚያ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሯሯጣል። መካኒኩ ቡና እንኳ ሳይጠጣ፣ ራሱ እንዳብለጨለጨ ተሰናብቶን ሄደ።

በሩን የከፈቱልኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከኔ ከፍ ይላሉ፣ ስልሳን አልፈዋል፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ዘነቡ፣ እግርዎ ተሻለዎት?» ብለው ሳሙኝ። ገና ጉንጬን በሳሙበት አፍታ አልናገርም ብዬ ነገሩን ለነገ አቆየሁት።

ማክሰኞ

ቤቱ ጨለማ ነው። በመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር ተመትቷል፣ ጠዋትና ማታው አይታወቅም። ሚሚን (እስክትጠመቅ የቤት ስሟ ነው) ፊቷን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚያቅፏት። ለሰው ዓይንም፣ ለፀሐይም፣ ለምችም ነው። እኔም ሰላማዊትን እንደዚሁ ነው ያሳደግኳት፣ ልታዘባቸው አልችልም። ግን ነርሷ ባትሪ ባታበራ ኖሮ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማን ያይላት ነበር? ነጠላውን ገለጥ አድርጌ በበሩ በኩል ወደሚገባው ብርሃን አዞርኳት። ብሌኗ መሀል የወተት ጠብታ የመሰለ ነገር አለ። ትስቃለች፣ ድምፄን ሰምታ ትዞራለች፤ ዓይኗ ግን ሳያገኘኝ እዚህም እዚያም ይንከራተታል።

ቁርስ ገንፎ ነበር። እትዬ በላይነሽ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው የራሳቸውን ቅቤ አፈሰሱበት። የኔ ባልዲ ጥግ ላይ ቆሟል።

«የዲንሾ ቅቤ አለ» አልኩ።

«መንገድ ላይ የቀለጠ ቅቤ ለአራስ አይሆንም» አሉ፣ በጣም በትህትና።

ሰላማዊት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ገንፎዬን ጎረስኩ። ከቁርስ በኋላ ግን አልቻልኩም።

«እትዬ በላይነሽ፣ ሐኪሞቹ ቶሎ ይሁን ብለዋል አሉ።»

«ብለዋል። እኔ ደግሞ አንድ ፍሬ ልጅ ናት፣ ሳትጠመቅ በቢላ አልሰጥም እላለሁ። አንድ ነገር ብትሆንስ? ስም ሳይወጣላት? ደግሞ ሞራ የሽማግሌ በሽታ ነው። በእኛ ዘር እንኳን ሕፃን፣ ሽማግሌም አልታየበት። በምድር ባቡር የሠሩት ባሌ እስኪሞቱ ድረስ የሚመጣውን ባቡር ከሩቅ ለይተው ያዩ ነበር።»

«በኔስ ዘር ታይቷል ያለው ማነው?»

«እኔ ምን አልኩ?» ብለው መነጽሬን አዩት።

ይኸውላችሁ ሰዉ! እንዲህ ተዘጋግተን ውለን ማታ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንዳነክስ አይተው ኖሮ ውሃ አሙቀው፣ ጨው ጨምረው፣ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግሬን ያሹኝ ጀመር። አይሆንም ብል፣ ብግደረደር፣ ወይ ፍንክች! የሚተኙበትን አልጋ ለኔ ለቅቀው እሳቸው ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኙ። ልጣላቸው ከጎባ የመጣሁትን እኔን ቅልጥሜን ያሹኛል! እንዴት አድርጌ ነው የምሰድባቸው?

ረቡዕ

ሰላማዊት በማለዳ አዲስ ነገር ይዛ ተነሳች። ሐኪሟ ከሁለቱም ወገን ያሉትን አያቶች ማየት ትፈልጋለች፤ ነገሩ የሚወረስ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው።

«እሄዳለሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ ወዲያው። «እንደውም ጥሩ ነው፣ ይታይ!»

«ይታይ!» አልኩ እኔም።

ቀጠሮው ለሐሙስ ስለሆነ ያን ቀን እትዬ በላይነሽ አቃቂን አሳዩኝ። ሚኒባስ ይዘን አሮጌው አቃቂ ወረድን። ሣር የወረሰው የድሮው ሐዲድ አጠገብ የሳቸው ቤት አለ፤ ባላቸው ከምድር ባቡር ጋር የመጡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ጡረታ እስኪወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ድር ክፍል። በሩ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ «በሉ እኛ ቤት፣ በሉ እኛ ቤት» እያሉ ሊያስገቡን ተሻሙ። ጎባ ሰው ይወዳል ስል ኖሬ፣ አቃቂ ላይ ሦስት ቤት ምሳ ተበላ። የመጨረሻዋ ጎረቤት ጨጨብሳ አቅርባ በኦሮምኛ «ኛዱ! ኛዱ!» እያለች ብዪ ብዪ ስትለኝ በኦሮምኛ መለስኩላት፤ እትዬ በላይነሽ ደነገጡ።

«ይችላሉ እንዴ?»

«ባሌ ተወልጄ አልችል?»

«እኔም እዚሁ ነው የለመድኩት» አሉና መጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ሚሚን ቁጭ ናቸው። ይሄንን ግን አልነገርኳቸውም፣ ምን ዕዳዬ ነው!

ሐሙስ

ከቃሊቲ ባቡር ያዝን። እኔ በኤሌክትሪክ ባቡር ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን የምድር ባቡር ሰው ሚስት ናቸው፤ «ይሄ ባቡር ነው? ጢስ የለው፣ ጩኸት የለው» እያሉ ተሳፍረው ወረዱ። ሰላማዊት ሚሚን አቅፋ መሀላችን ናት፤ ብሩክ የቀን ፈረቃ ላይ ነበር።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ የሰላማዊት እኩያ ብትሆን ነው። መጀመሪያ ለሁለታችንም ዓይናችን ውስጥ ጠብታ አደረገችልን፣ ብሌኑ ወለል ብሎ እንዲከፈት። እስኪሠራ ስንጠብቅ እትዬ በላይነሽ «ለመሆኑ እዚያ ውስጥ የሚነጣው ምኑ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ሌንስ የምንለው ነው እማማ። ከብሌኑ ጀርባ ያለች ጥርት ያለች ፍሬ ናት። ልጅ ማህፀን ውስጥ ገና ምንም ሳያክል ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሁለት እንቡጥ ይወጣል፤ ዓይን የሚሆነው እሱ ነው። እንቡጡ ከላይ ያለውን ቆዳ ሲደርስበት ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ይታጠፋል፣ ከዚያ ተቆርጦ እንክብል ሆኖ ይቀራል። ሌንስ የሚሆነው ያ እንክብል ነው።»

«ጨርቅ እንደለበሰ ቁልፍ» አልኩ። እኔ ሙሽራ ልብስ ላይ የማደርገው እንደዚያ ነው፤ ጨርቁን ሰብስቤ፣ ቋጥሬ፣ ትርፉን እቆርጠዋለሁ።

«ልክ እንደሱ! በኋላ ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ብርሃን እንዲያሳልፉ ሆዳቸውን ባዶ ያደርጋሉ፣ አስኳላቸውን ሳይቀር ያስወግዳሉ። የሚቀራቸው ሥርዓት ይዞ የተሰለፈ ፕሮቲን ብቻ ነው። ሰልፉ ካልተበላሸ ጥርት እንዳለ ይኖራል።»

«እጠፍ፣ ተቆረጥ፣ ተሰለፍ የሚለውስ ማነው?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ዘረመል ነው። ከእናትና ከአባት የምንወርሰው ትእዛዝ። አንድ ዋና አለቃ አለ፣ እሱ ሌሎቹን ያሰማራል። አለቃው ደግሞ በአይጥም፣ በላምም፣ በሰውም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።»

«በአይጥ?! እኛን ደግሞ ከአይጥ ጋር ምን አገናኘን!»

«ዓይን አላት እኮ እማማ» አለች ሐኪሟ እየሳቀች። «ከትእዛዞቹ አንዷ ላይ ትንሽ ስህተት ካለ ሰልፉ ይዛባል፣ ሌንሱም ይነጣል። የሚሚ እንደሱ ይመስለኛል።»

እትዬ በላይነሽ ቀስ ብለው «ድር ላይ አንድ ክር ስትበላሽ ጨርቁ እስከ መጨረሻው መስመር ያወጣል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ከዚያ መመርመሪያው ላይ አገጬን አስደግፋ አየችኝ። ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ላይ። እውነቴን ነው፣ ከአባቴ ጀምሮ ያለው ዘመዴ ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ የሚጠብቅ መሰለኝ።

«የእርስዎ ሌንስ ንጹሕ ነው። መነጽሩ የዕድሜ ነው። የአባትዎም ከሰማሁት በእርጅና የመጣ ነው የሚመስለው፣ ይሄ ሌላ ነው።»

እሰይ! እሰይ! ልዘል ምንም አልቀረኝ። ሰላማዊትን አየኋት፣ ዓይኗን ሰበረች። እትዬ በላይነሽ ቀጥ እንዳሉ ተቀመጡ። ሐኪሟ ቆየችባቸው። ደግማ አየች። መብራቱን ቀይራ ሦስተኛ አየች።

«እማማ፣ የእርስዎ ሌንስ ላይ የጤፍ ፍሬ የመሰሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተበትነዋል። በሁለቱም ዓይን። ቅርጻቸው ከውልደት ጀምሮ የነበሩ ያስመስላቸዋል። ማየት ስላልከለከሉዎት አያውቋቸውም። ያችው አንድ ትእዛዝ አንዱ ሰው ላይ ነጠብጣብ ሆና ታልፋለች፣ ሌላው ላይ ብሌኑን ትዘጋለች። በልጅዎ በኩል ለሚሚ ደርሳ ሊሆን ይችላል።»

ከጎባ ጀምሮ አፌ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ «በማን ዘር ነው አሉኝ እትዬ በላይነሽ?» የሚል። አሁን ነበር ጊዜው። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ይፈታሉ።

«እኔ ነኝ?» አሉ። «ልጅቷን ያጨለምኳት እኔ ነኝ?»

«ማንም አይደለም እማማ» አለች ሐኪሟ። «ይሄን መርጦ የሚሰጥ ሰው የለም።»

የተዘጋጀው ንግግር የት እንደገባ አላውቅም። እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ በላይነሽ፣ ያ ቆንጆ አፍንጫዋስ ከማን ነው? ሳቋስ? የርስዎ አይደለም? ያንን ሲሰጧት ማን አመሰገነዎት? አሁን በዚህ ማን ይወቅስዎታል!» አልኩ። እሳቸው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሰላማዊትም ጀመረች። የማታለቅሰው ሚሚ ብቻ ነበረች።

ሐኪሟ እስክንረጋጋ ጠብቃ ዋናውን ነገር አመጣች። ነገ ጠዋት ሊሠራ የነበረ ሕፃን ጉንፋን ይዞት ቀርቷል፣ ተራው ክፍት ነው። እናትና አባት እሺ ካሉ ሚሚ ዛሬውኑ ትተኛለች፣ ያለዚያ የሚቀጥለው ተራ ሩቅ ነው፣ ክርስትናውን ሁሉ ያልፋል። አባትየው እስከ ጠዋት ድረስ መጥቶ መስማማት አለበት። ሰላማዊት ለብሩክ ደወለች፣ አይነሳም። ፋብሪካ ሲገቡ ስልካቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ነው። ደግሞ ብታገኘውስ? እናቱን ሳያይ እሺ አይልም። ሁላችንም እትዬ በላይነሽን አየናቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

ሰላማዊትና ሚሚ ለምርመራ ቀሩ። እኛንም ዘበኛው «አንድ አስታማሚ ብቻ! እናቶች፣ ውጡልኝ!» ብሎ አስወጣን።

ውጭ ስንወጣ ጉድ ፈላ! ጠብታው ብሌናችንን በርግዶታል፣ ፀሐይዋ ደግሞ እንደ መብረቅ ገባችብን። እኔም አላይ፣ እሳቸውም አያዩ። በአንድ ነጠላ ተጠቅልለን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ደግ ሰዎች እየመሩን ባቡሩ ላይ ወጣን። ቃሊቲ ስንደርስ አንድ የሚኒባስ ረዳት «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» ይላል። ድምፁን ተከትለን ሄደን ገባን፤ እሱ የቆመው ከመኪናው ፊት፣ እኛ የገባነው ግን አጠገቡ ያለችው ውስጥ ነው። መንገዱን ሁሉ እትዬ በላይነሽ በለሆሳስ ሲጸልዩ ይሰማኛል። እኔም አልነካኋቸው።

«እናቶች፣ መጨረሻው ነው» አለ አንድ ድምፅ።

«ቱሉ ዲምቱ ነው?»

«ኧረ ቂሊንጦ ነው!»

«ወይ ጉዴ!» አልኩ። እትዬ በላይነሽ ግን ቀና አሉ። «ቂሊንጦ? ልጄ የሚሠራበት?» ክንዴን እየጎተቱ ወረዱ።

ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት ነበር። ከፋብሪካው በር ሠራተኛው እንደ ጎርፍ ይወጣል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጋዎን ለብሷል፣ ለኛ ደግሞ ሁሉም ጭጋግ ነው።

«አንቺ መነጽር አለሽ፣ እዪልኝ እንጂ!» አሉኝ። አንቺ አሉኝ! በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ሰማሁት።

«የቅርብ ማያ ነው እኮ!»

«ታዲያ ምን ይሠራልሻል?»

«ብሩክ!» ብለን ሁለታችንም መጮህ ጀመርን። ሁለት ብሩኮች መጡ፣ የኛ አይደሉም፣ ስቀው እሱን ሊፈልጉ ተመለሱ። በመጨረሻ «እማዬ? እማማ ዘነቡ? ዓይናችሁ ምን ሆነ?» የሚል ድምፅ መጣ። ምስኪን! እናቱና አማቱ ተቃቅፈው፣ ብሌናቸው እንደ ድመት ሰፍቶ፣ የፋብሪካ በር ላይ ሲጮኹ ያየ ልጅ ምን ይበል?

እትዬ በላይነሽ ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱ። «ስማኝ ብሩኬ። ነጩ ነገር ከኛ ነው፣ ከኔ። እኔን ማየት ያልከለከለኝ ልጅቷን ከልክሏታል። ነገ ጠዋት ተራ አለ። አሁኑኑ ሂድና እሺ በል።»

«ክርስትናዋስ እማዬ?»

«ጠበሉን አይታ ትጠመቃለች።»

ብሩክ ሮጠ። ጋዎኑን እንኳ አላወለቀም። ጓደኞቹ እኛን በሠራተኞች ሰርቪስ አሳፍረው እስከ ቱሉ ዲምቱ ሕንፃችን ሥር አደረሱን፤ ከመኪናው ወርደው ደረጃውን እየደገፉ ያወጡን እነሱ ናቸው። እኛ ጋ ማን እንዲህ ያደርጋል እንዳልል፣ እናንተም ታደርጉት ነበር። ግን የማያውቁን ልጆች ናቸው እኮ።

ዓርብ

ያን ቀን የምጽፈው ብዙ የለኝም። ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ እትዬ በላይነሽ ሲጸልዩ እኔ የሳቸውን ነጠላ ጥለት ስቆጥር። በሩ ተከፍቶ ሐኪሟ ስትወጣ ፈገግ ብላለች። የመጀመሪያው ዓይን በሰላም ተሠራ። በዚያው የብሩክን ዓይን ብታየው እሱም ላይ እነዚያው ነጠብጣቦች አሉ። ወደፊት የሚወልዷቸውን ልጆች ገና ሲወለዱ ዓይናቸውን ማስመርመር ነው፣ በቃ፣ አለች። እትዬ በላይነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘበኛው አየን፤ ዋጡት። ቤት ደርሰን አራተኛው ፎቅ ላይ ለቀቁት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ከዚያ በኋላ

ሁለተኛው ዓይን በሚቀጥለው ሳምንት ተሠራ። ሞራው ሲወጣ ሌንሱም አብሮ ስለወጣ፣ በሱ ፈንታ መነጽር ታዘዘላት። እንዲህ ያለ መነጽር አይቼ አላውቅም፣ የአሻንጉሊት ነው የሚመስለው፤ መስታወቱ ግን ወፍራም። ራሷ ላይ አልቆም አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኔ ሙያ የተፈለገው! ላስቲክ ገዝቼ፣ እትዬ በላይነሽ ከድሮ ፋብሪካቸው ጊዜ ያስቀመጡትን ለስላሳ ጨርቅ አምጥተው፣ እሱን አልብሼ ማሰሪያ ሰፋሁላት። ጨርቁን የመረጡት እሳቸው፣ የሰፋሁት እኔ። ገንፎው ላይም ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲንሾ ቅቤ ገባ። «ቀልጦም ጥሩ ነው» አሉ፤ ከሳቸው ይሄ ብዙ ነው።

የመጨረሻው ቀን

መነጽሩን በደንብ ያሰርንላት ልመለስ ስል በዋዜማው ነው። ቁስሏ ድኗል፣ ሐኪሟም ብርሃን ይግባላት ብላለች። እትዬ በላይነሽ ማንንም ሳያስቸግሩ ጉጠት ይዘው ወንበር ላይ ሊወጡ ሲሉ «በኔ ይብቃ፣ ወንበሩን እይዛለሁ!» ብዬ ያዝኩላቸው። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ፣ ብርድ ልብሱ ወደቀ። ፀሐይ እስከ ሳሎን ድረስ ገባች።

ከዚያ ማን ፊቷ ይቁም? መጀመሪያ የምታየውን ፊት ማለቴ ነው። እኔ እፈልጋለሁ፣ እሳቸውም ይፈልጋሉ፣ ተያየን። ከጎባ ስነሳ ብትጠይቁኝ ማንንም ገፍቼ እቆም ነበር። ሁለታችንም ያለ ምንም ንግግር ወደ ኋላ ሸሸንና ሰላማዊትን ወደፊት ገፋናት።

ሚሚ እናቷን አየች። ድምፅ ሳትሰማ፣ ዓይኗ ሳይንከራተት፣ ዝም ብላ ቆየችባት። ከዚያ ራሷ ቀስ ብሎ ዞረ፣ በእናቷ ትከሻ በኩል ወደ በሩ አሻገረች፣ ዓይኗም እዚያ ቆመ። በሩ ጥግ ፀሐይ ያረፈበት ቢጫ ጄሪካን አለ። ልጅቷ ፈገግ አለችለት! ለጄሪካን!

«ይሄስ ከማን ዘር ነው?» አልኩ።

«ይሄማ ከማናችንም አይደለም ዘነቡ» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ይሄ የቱሉ ዲምቱ ነው።»

ሳቃችን ደረጃው ድረስ ተሰማ። ሚሚ ወደ ሳቁ ዞረች። ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ተመለሰች፤ ሁለታችንንም አየችን።